ምጥን ካካዎ

በውጭ አገር ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠውን የኬክ ዱቄት ልጆች «ሚክስ» ይሉታል። ወላጆች አማርኛውን ሲያስታውሱ «ቅልቅል» ይላሉ። ከሁለቱም በፊት ግን በየጓዳው ሲነገር የኖረ አንድ ቃል አለ፦ ምጥን። ምጥን ሽሮ ሲባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ የሚናገረው ስለ መደባለቅ አይደለም፤ ስለ መመጠን ነው። ሽምብራው፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማውና በሶብላው አንድ ላይ ተፈጭተዋል ከማለቱ በፊት፣ ለእያንዳንዳቸው ልክ ያወጣላቸው ሰው አለ ይላል። ቅልቅል ከየትም ሊመጣ ይችላል። ምጥን ግን የመጠነው ሰው አለው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ አፓርታማ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ በተሰቀለው መደርደሪያ ላይ፣ አራት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በየጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ነጭ ፕላስተር «ምጥን ካካዎ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሎቹ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ናቸው፤ የጻፈችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በመስታወቱ በኩል ሲታይ ከታች ነጭ ዱቄት፣ መሃል ላይ ቡናማ ካካዎ፣ ከላይ ስኳር ተደራርቧል። ከጠርሙሶቹ ጎን፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተደራረበበት፣ ከደብረ ብርሃን በሰው ሻንጣ የመጣ የአያት ሽሮ ተቀምጧል። ሁለቱ ዱቄቶች እንዲህ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው። እርስ በርስ ዝምድና እንዳላቸው የቤቱ ሰው ያወቀው ቆይቶ ነው።

የልጆቹ እናት በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ስትመለስ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ማታ ሊተኙ ሲሉ እሷ ትወጣለች። ከልጆቿ ጋር በወጉ የምትገናኘው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያንን ሰዓት ስልክና ቴሌቪዥን እንዲበላው አትፈልግም፤ ከድካሟ ጋር ሆና ትልቅ ድግስ የምታነሳበት ጉልበትም የላትም። ኬክ ደግሞ የእሷ ሙያ አልነበረም። ባደገችበት ቤት የሚጋገረው ድፎ ዳቦ ነበር፤ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት። ኬክ ግን ለልደትና ለምርቃት ከኬክ ቤት በካርቶን ሆኖ፣ በክር ታስሮ የሚመጣ ነገር ነው። ነጩ የስንዴ ዱቄት «የፉርኖ ዱቄት» የሚባለው እንኳ ፎርኖ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ዱቄቱ ከቤት ጓዳ ይልቅ የዳቦ ቤት ዘመድ እንደነበር ስሙ ይመሰክራል።

ነገሩን ያመጣው የትንሹ ልጅ ልደት ነው። የተወለደው መጋቢት 15 ቀን ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ሁዳዴ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል፤ ፋሲካም ቢፈጥን መጋቢት 26 ይውላል። ስለዚህ መጋቢት 15 የተወለደ ልጅ፣ ዓመቱ ምንም ይሁን ምን፣ ልደቱ ከጾሙ አያመልጥም። ልጁ ራሱ ገና አይጾምም። እህቱ ግን ሰባት ዓመት ከሞላት ጀምሮ ከእናቷ ጋር ትጾማለች። የካርቶኑ ሚክስ እንቁላል ይጠይቃል፤ ከሱፐርማርኬት የሚገዛውም ኬክ ቅቤና ወተት አያጣውም። በየዓመቱ ወንድሟ ሻማ ሲያጠፋ እህት ታጨበጭባለች፤ ድርሻዋ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባና ለፋሲካ ይወጣል። ወንድሟ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ግን «የኔ ኬክ ሁልጊዜ በረዶ ነው» አለች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እናትየዋን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ልጅ ሲለምደው የሚያሳዝን ነገር አለ።

መልሱ የተገኘው ከአሜሪካ ከራሷ ነው። አሜሪካኖች «ዋኪ ኬክ» የሚሉት፣ ወፈፌው ኬክ እንደማለት፣ አንድ የቆየ አሠራር አለ። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እነዚህ ነገሮች በተወደዱባቸውና በጠፉባቸው ቤቶች ይሠራ እንደነበር ይነገርለታል። አሜሪካዊቷ እናት በእጦት የሠራችው ኬክ፣ ለኢትዮጵያዊቷ ጾመኛ ልክ እንደተሰፋላት ልብስ ሆነ። አዲስ አበባ ያሉ ኬክ ቤቶች በሁዳዴ «የጾም ኬክ» ብለው የሚሸጡትም የዚሁ ዘመድ ነው።

ለአንድ ጠርሙስ፣ ማለትም ለ12 ትንንሽ ኬኮች፣ ልኩ ይህ ነው፦ አንድ ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። የሚጋገርበት ቀን ሲደርስ አንድ ኩባያ ውሃ፣ የኩባያ ሲሶ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ይጨመርበታል። ምድጃው አስቀድሞ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካኖቹ ቁጥር 350 ፋራናይት፣ ይሞቃል። በአንድ ትልቅ መጋገሪያ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ትንንሾቹ ግን ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ትዕግሥትም ብዙ ከዚያ አያልፍም።

የካርቶኑ ሚክስ ታሪክ ከዚህ ጋር ሲተያይ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ሞላሰስ ይሸጥ የነበረው የዳፍ ኩባንያ፣ ሞላሰሱን ከዱቄት ጋር አድርቆ የዝንጅብል ኬክ ቅልቅል አዘጋጀ። ለዚህም በ1933 የፈጠራ መብት አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ትልልቆቹ የዱቄት ኩባንያዎች ገቡበትና ሚክስ በየቤቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው እንደ ተረት ያወራዋል። ሴቶቹ ውሃ ብቻ ጨምረው «ጋገርኩ» ማለት አሳፈራቸው፤ ኤርነስት ዲክተር የተባለ የገበያ ሥነ ልቦና አዋቂ «እንቁላሉን ለእነሱ ተዉላቸው» ብሎ መከረ፤ ሽያጩም ተነሳ ይባላል። ታሪኩ ይጣፍጣል እንጂ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ትኩስ እንቁላል የሚጠይቁ ሚክሶች ከዲክተር በፊትም ነበሩ፤ ትኩስ እንቁላል የገባበት ኬክ ደግሞ የደረቀ እንቁላል ከገባበት ይሻላል። ቢሆንም ተረቱ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ይዟል። ሌላ ሰው ከሠራው ሥራ ላይ የትኛው ክፍል ቢተውልህ ነው «የኔ ነው» የምትለው?

ኩባንያው ለገዢው የተወው የመጨረሻውን እርምጃ ነው፤ ሰብረህ ጨምር፣ አማስል፣ ጋግር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናት መጀመሪያ ያሰበችውም እንዲሁ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ጠርሙሶቹን ራሷ ሞልታ፣ ቅዳሜ ውሃውንና ዘይቱን እንዲጨምሩ ልትጠራቸው። ሥራው ይፈጥናል፤ ወለሉም ዱቄት አይሆንም። ሐሳቧን ያስቀየራት ልጅቷ ናት። «እኔ ልስፈር» አለች። ማማሰሉን ለወንድሟ ተወችለት።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ምንም ሳይጋገር ሲሰፈር ብቻ ዋለ። ልጅቷ ዱቄቱን በማንኪያ እያነሳች ኩባያው ውስጥ ታፈሳለች፤ ሲሞላ በቢላዋ ጀርባ ከላይ ትጠርገዋለች። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ዱቄቱን ስለሚጠቀጥቀው፣ በአንድ ኩባያ ስም ከአንድ ኩባያ በላይ ይገባል። አራቱን ጠርሙስ በአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ደባልቆ ማካፈል ይቀል ነበር፤ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በዚያ ሁሉ ዱቄት ውስጥ የት እንደሚደበቅ አይታወቅም። አንዱ ጠርሙስ ሁለት እጥፍ ደርሶት ኬኩ ሳሙና ሳሙና ሊል፣ ሌላው ምንም ሳይደርሰው ድንጋይ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ለብቻው ተሰፈረ። ካካዎው እንክብል እየሠራ ስለሚያስቸግር ትንሹ ልጅ ወንፊት ተሰጠው። «ካካዎ» የሚለው ስም ለእሱ ከሥራው ሁሉ በላይ ነበር። ፕላስተሩ ላይ «ካ» ሁለት ጊዜ መጻፉን ሲያይ፣ ቃሉ በሕፃናት አማርኛ ምን እንደሚል አስታውሶ እየሳቀ ወለል ላይ ወደቀ። ያም ሆኖ ከ«ከ» እስከ «ካ» ያለውን የዚያን ቀን አወቀ።

«ካካዎ ከኢትዮጵያ ነው የሚመጣው?» አለች ልጅቷ ከረጢቱን እያገላበጠች።

«አይደለም፤ አብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና። የኛ ቡናው ነው።»

የዚህ ንግግር ፍሬ የታየው በመጋገሪያው ቀን ነው። በቤቱ ቅዳሜ ቡና ይፈላል። አቦሉና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ጀበናው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ቡና የካካዎን ጣዕም ያጠነክረዋል፤ ይህን ኬክ ጋጋሪዎች ሁሉ ያውቁታል። እናት በረካውን አስቀምጣ አቀዘቀዘችው፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠበቀችና በውሃው ፋንታ ከላይ ከላዩ ቀድታ ሰጠቻቸው። «ለልጅ ቡና አይሰጥም» ሲባል ላደገች ሴት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ግን በረካ ነው፣ ያውም ለአሥራ ሁለት የተከፈለ።

አቼቶው ሲጨመር ሊጡ እንደ ጠላ እንፍ እንፍ አለ። ሶዳና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው አየር ነው ኬኩን የሚያነሳው፤ እንቁላል ስለሌለ ሌላ የሚያነሳው የለም። ስለዚህ መፍጠን ያስፈልጋል። ድፎ ዳቦ ሲታሽ ይወዳል፤ ይህ ሊጥ ግን ብዙ ከተማሰለ ይደርቃል። ለትንሹ ልጅ «እስከ ሠላሳ ቁጠርና አቁም» ተባለ። በአማርኛ ቆጠረ፤ ከአሥራ ዘጠኝ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሮ ሠላሳ ደረሰ። ባለ 12 ጉድጓድ መጋገሪያው ላይ በተደረደሩት የወረቀት ጽዋዎች ውስጥ ሊጡ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ተሞላ። ከ18 ደቂቃ በኋላ ስንጥር ሲገባበት ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

በልደቱ ዕለት ከጎረቤት የመጣ አንድ ልጅ ነበር። እንቁላልና ወተት አይስማማውም። እናቱ ከራሱ ቤት የተዘጋጀ ብስኩት በሳጥን አስይዛ ነው የላከችው፤ ሌሎቹ ኬክ ሲበሉ እሱ ከሳጥኑ መብላት ለምዷል። እንደ አስተናጋጂቱ ሁሉ እሱም ድርሻው ሁልጊዜ ለብቻው ነው። እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ልጁ ኬክ ይዞ አይታ ደነገጠች፤ ምን እንዳለበትም ጠየቀች። ልጅቷ ከእናቷ ቀድማ መለሰች። ዱቄት ይህን ያህል፣ ስኳር ይህን ያህል፣ ካካዎ፣ ሶዳ፣ ጨው፣ ዘይት፣ አቼቶ፣ ቫኒላ፣ ቡና። አንድም አልዘለለችም። ከካርቶኑ ጀርባ ያነበበችው አልነበረም፤ በእጇ የሰፈረችው ነው። ሴትዮዋ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ልጇን «ሌላም ትፈልጋለህ?» አለችው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለእራት ሽሮ ተሠራ። ልጅቷ እናቷ ከላስቲኩ በማንኪያ እየቆነጠረች የፈላው ውሃ ላይ ስትነሰንስ ቆማ አየች። ቀን የመለሰችው መልስ ገና ከአፏ አልጠፋም።

«ማሚ፣ ይሄም ሚክስ ነው አይደል? ምን አለበት?»

«ሽምብራ። በርበሬ። ነጭ ሽንኩርት…»

«ስንት ስንት?»

እናት ማማሰያውን ይዛ ቆመች። ይህን ሽሮ ከልጅነቷ ጀምሮ በልታለች። አሜሪካ ከገባች በኋላ በየዓመቱ ሰው በመጣ ቁጥር ደርሷታል። ሽምብራው ሲለቀም፣ ሲታመስ፣ ሲከካ፣ ሲበጠር፣ ቅመሙ ተደባልቆ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ በልጅነቷ አይታለች። ልኩን ግን አታውቀውም። የእናቷ ፍቅር ሁልጊዜ ተፈጭቶ ነው የደረሳት፤ ለእሷ የተተወላት ውሃና እሳት ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ ያለች ልጅ እንዳትደክም ተብሎ ሁሉም ነገር አልቆ ይላካል። የመጠኑት ሴት ደግሞ ከሰባ ዓመት አልፈዋል፤ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ የጻፉት ነገር የለም።

በማግሥቱ ስልክ ተደወለ።

«እማዬ፣ ሽሮው ውስጥ ምን ምን ነው የምታደርጊው? ልኩን ንገሪኝ።»

አያቲቱ ሳቁ። «ከስንት ዓመት በኋላ! ምነው፣ ያሁኑ አልጣፈጠም?»

«ጣፍጧል። የልጅ ልጅሽ ልትጽፈው ነው።»

«ምኑ ይጻፋል ልጄ፤ እጅ ነው የሚያውቀው። በርበሬ ሁለት እፍኝ፣ ኮረሪማ ቆንጠር፣ እንዲያ ነው።»

ልጅቷ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች። ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት ገና አልለመደባትም። «እማማ፣ እጅሽ ስንት ኩባያ ነው?»

ደብረ ብርሃን በኩል ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አያቲቱ አብራቸው የምትኖረውን ልጅ «እስቲ የቡና ሲኒ አምጪ» ሲሉ ተሰማ። ሽምብራ ከጆንያው በሁለት እጃቸው አፍሰው ወደ ሲኒው ገለበጡት። አንድ እፍኝ ሦስት ሲኒ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። እጃቸውን እንዲህ ለክተውት አያውቁም ነበርና ራሳቸውም ተገረሙ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ናቸው ስልኩን አልዘጋም ያሉት። ቁንጥሩ ተለካ፣ ጭብጡ ተለካ፤ በሶብላው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ዝንጅብሉ። ልጅቷ በደብተሯ ጻፈች፤ ፊደል ሲጠፋት እናቷን ጠየቀች።

የተጻፈው ከኬኩ ጋር አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ቤኪንግ ሶዳ ሕግ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ከተባለ አንድ ነው፤ ሁለት ቢሆን ኬኩ ይበላሻል። ለልጅ እንዲህ ያለ ሕግ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ በትክክል ከሰፈረ እንደ አዋቂ እኩል ይሳካለታል። ሽሮ ግን የዓመቱን ምርት ይከተላል። የዘንድሮ ሽምብራ የአምናውን ያህል ውሃ አይጠጣም፤ ሽንኩርቱም አንዳንዴ ይበረታል። እዚያ መመጠን ማለት ቆሞ ማየት፣ ማሽተት፣ ማስተካከልም ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ልክ በፖስታ አይላክም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎም አይመጣም። መጀመሪያ ግን «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ መጠየቅን ደግሞ ልጅቷ የለመደችው ከዱቄትና ከካካዎ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከኢትዮጵያውያን ሱቅ በተገዛ ሽምብራ፣ ትንሽ ሽሮ ተሞከረ። በምድጃ ታመሰ፣ በኤሌክትሪክ መፍጫ ተፈጨ፣ በካካዎው ወንፊት ተነፋ። አባት ቀምሶ «የእማማ አይደለም፤ ግን ሽሮ ነው» አለ። ትንሹ ልጅ ኬኩ ይሻላል ብሎ አንድ ጠርሙስ ምጥን ካካዎ ከመደርደሪያው አወረደ። የእህቱ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። በገጹ ላይ ከእያንዳንዱ ቅመም ፊት ለፊት የሲኒና የማንኪያ ቁጥር አለ፤ ከበርበሬው ፊት ለፊት ግን ቁጥር የለም። ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ አያቲቱ «እሱ በየዓመቱ ይለያያል፤ አንዱ ዓመት እሳት ነው፣ አንዱ ዓመት ቀለም ብቻ» ብለዋት ነበር። ልጅቷም በቁጥሩ ቦታ የነገሯትን አንድ ቃል ጽፋለች፦ ቅመሺ።